የድሮው እና አዲሱ ጥቁርና ነጭ የፎቶ ፊልም፦ ልዩነቱን በራሳችሁ እጅ ፈትናችሁ የምታውቁበት ዝርዝር መመሪያ

በፊልም ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። ሁለቱም 400 ነው (ለብርሃን ያላቸው ፍጥነት ማለት ነው)፣ ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ነው፣ የሚሠራቸውም አንድ ፋብሪካ ነው፣ ታድያ ለምን ሁለት ስም ሰጣቸው? የኢልፎርዶቹን ኤችፒ5 ፕላስ (የድሮው ዓይነት) እና ዴልታ 400ን (አዲሱ) ማለታቸው ነው፤ ኮዳክ የሚወዱት ደግሞ ትራይ-ኤክስ እና ቲ-ማክስ ብለው ያንኑ ይጠይቁኛል። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ስጠይቅ የኖርኩት ነገር ነው፣ የማገኘው መልስ ግን ሁሌ "እንደ ምርጫህ ነው" ነበር፣ ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም። ስለዚ እዚሁ ጣፎ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ጫፍ ላይ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንስቼ አጥቤ ያየሁትን ከነአሠራሩ ልጻፍላችሁ። ፊልም አሁን እንደ ድሮው ከየፎቶ ቤቱ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ እኔ የማገኘው ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ነው፣ እና አንድ ጥቅል እንኳን ባለማወቅ ሲባክን በጣም ያንገበግበኛል።

ባጭሩ የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የድሮው ዓይነት ፊልም ስትሳሳቱ ይችላችኋል፣ አዲሱ ግን ያዘዛችሁትን ነው የሚያደርገው፣ ትክክል ካዘዛችሁ ትክክል ይሠራል፣ ከተሳሳታችሁም ስህተቱን እንዳለ ያሳያችኋል። ቀሪው ሁሉ ይሄን እንዴት በዓይናችሁ እንደምታዩት ነው።

መጀመሪያ ምኑ ነው የሚለየው

ፊልም ማለት ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው፣ ጄላቲኑ ውስጥ ብርሃን የሚሰማቸው የሲልቨር ሃላይድ ክሪስታሎች ተበትነዋል። ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ስትነክሩት ብርሃን ያገኛቸው ክሪስታሎች ወደ ጥቁር ብር ይቀየራሉ (ማዕድኑን ነው ምላችሁ፣ ገንዘቡን አይደለም)፣ ያላገኛቸውን ደግሞ ፊክሰር የሚባለው ሌላው ኬሚካል አሟሙቶ ያወጣቸዋል። ፎቶው ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚታየው፣ ግሬን የምንለው፣ የነዚ የብር ቅንጣቶች ክምችት ነው። እስከዚ ድረስ ሁለቱም ፊልሞች አንድ ናቸው።

የሚለያዩት በክሪስታሉ ቅርጽ ነው። በድሮው አሠራር ክሪስታሎቹ እንደ ኮረት ናቸው፣ ኩብ ነገር፣ ድቡልቡል፣ ትልቅና ትንሹ አንድ ላይ የተደባለቀ። በአዲሱ አሠራር ግን ስስና ጠፍጣፋ ናቸው፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። ጠፍጣፋ መሆናቸው ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ክረምት ላይ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እናጠራቅማለን፣ እና አንድ ዓይነት ፕላስቲክ በልኩ ወስዳችሁ ከግማሹ ጠባብ ረጅም ባልዲ ከግማሹ ሰፊ ሳፋ ብትሠሩና ሜዳ ላይ ብታስቀምጧቸው ብዙ ጠብታ የሚይዘው ሳፋው ነው፣ ምክንያቱም ለሰማዩ የሚሰጠው ፊት ሰፊ ነው። ጠፍጣፋው ክሪስታልም እንደዛው ነው፣ በትንሽ ብር ብዙ ብርሃን ይይዛል። ስለዚ ያንኑ 400 ፍጥነት ለማግኘት ትላልቅ ክሪስታል አያስፈልገውም፣ ግሬኑም ይደቃል።

ምን ያህል ይደቃል? ኮዳክ ግሬን የሚለካበት ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ግሬኑ ደቃቅ ነው ማለት ነው። ትራይ-ኤክስ 400 በዚ መለኪያ 17 ነው፣ ቲ-ማክስ 400 10 ነው፣ ቲ-ማክስ 100 ደግሞ 8። ልብ በሉ፣ አዲሱ 400 እና አዲሱ 100 መሃል ያለው ልዩነት በሁለቱ 400ዎች መሃል ካለው በጣም ያንሳል።

አንድ ሰው ሁሉን የሚያሳስት ነገር አለ፣ "የድሮ" ሲባል ዕድሜው ይመስለናል። ትራይ-ኤክስ በ35 ሚሜ የወጣው እ.ኤ.አ. 1954 ነው፣ እሱስ በእውነት ሽማግሌ ነው። ቲ-ማክስ እ.ኤ.አ. 1986 መጣ። ኤችፒ5 ፕላስ ግን የወጣው እ.ኤ.አ. 1989 ነው፣ ማለትም ከቲ-ማክስ በኋላ፣ እና እስከ ዛሬ የድሮ የሚባለው ክሪስታሉ የድሮው ቅርጽ ስለሆነ ብቻ ነው። ዴልታ 400 በዓመቱ በ1990 ተከተለ፣ ዴልታ 100 በ1992። ፉጂ አክሮስም ከአዲሶቹ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2018 ቆሞ በ2019 አክሮስ 2 ተብሎ ተመልሷል። ከድሮው ወገን ደግሞ ኤፍፒ4 ፕላስ፣ ፎማፓን 100 እና 400፣ ኬንትሜር 100 እና 400 አሉ፣ እነ ፎማ እና ኬንትሜር በዋጋ ቀለል ስለሚሉ ለልምምድ ጥሩ ናቸው።

ኤክስፒ2 ሱፐር የሚባል ደግሞ አለ፣ እሱን ከሁለቱም አትደባልቁት። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የሚታጠበው በከለር ፊልም ኬሚካል ነው፣ ምስሉም የቀለም እንጂ የብር አይደለም። እሱን እዚ ፈተና ውስጥ አላስገባሁትም።

ምን ምን ያስፈልጋችኋል

አንድ ጥቅል ኤችፒ5 ፕላስ እና አንድ ጥቅል ዴልታ 400፣ ሁለቱም ባለ 36። ለምን እነዚ? አንድ ፋብሪካ ነው፣ ኢልፎርድ፣ ፍጥነታቸው እኩል ነው፣ አንድ ዴቨሎፐር ለሁለቱም ይሠራል፣ ስለዚ ያያችሁት ልዩነት በሙሉ የፊልሙ ነው። ፎማን ከቲ-ማክስ ጋር ብታወዳድሩ ግን ፍጥነቱም ፋብሪካውም ሁሉም ይለያያል፣ ምኑ ምን እንዳመጣው አታውቁም። ትራይ-ኤክስ እና ቲ-ማክስ 400 ካላችሁም በነሱ ይቻላል፣ የማጠቢያ ሰዓቱን ብቻ ከራሳቸው ወረቀት ውሰዱ።

ፊልሙን የሚያመጣላችሁን ሰው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፣ በእጁ ይዞ ኤርፖርት ላይ በእጅ እንዲፈተሽለት እንዲጠይቅ ንገሩት። አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያቃጥላሉ፣ 400 ነው ችግር የለውም የሚለው የድሮ ወሬ ለነሱ አይሠራም።

ከኬሚካል አይዲ-11 ዴቨሎፐር የ1 ሊትሩን፣ ፈጣን ፊክሰር፣ እና ለስቶፕ ባዝ (ዴቨሎፐሩን ለሚያስቆመው) ነጭ አቼቶ ይበቃችኋል፣ የሱቁ አቼቶ ብዙ ጊዜ 5 ፐርሰንት ስለሆነ አንድ እጅ አቼቶ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኑት። የባትሪ ውሃም ግዙ፣ ጋራዥና ማደያ አካባቢ የሚሸጠውን፣ ግን ባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ፣ የምንፈልገው ንጹሑን ውሃ ነው። ከእቃ ታንክ (ብርሃን የማያስገባው የማጠቢያ ዕቃ) ከነሪሉ (ፊልሙ የሚጠቀለልበት)፣ ቴርሞሜትር፣ መቀስ፣ እና ፊልሙን ታንክ ውስጥ የምትከቱበት ጥቁር ቦርሳ። ቦርሳው ከሌላችሁ መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ማታ ማታ ይሆናል፣ የበሩን ሥር በጋቢ ድፈኑና አምስት ደቂቃ ጨለማው ውስጥ ቁሙ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እጃችሁ ከታያችሁ ብርሃን ይገባል ማለት ነው። መብራት የጠፋበት ማታ ለዚ ሥራ አሪፍ ነው፣ የጎረቤት መብራት እንኳን በክፍተት አይገባም፣ ታንኩም ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

አነሳሱ

ሦስት ነገር ምረጡ። እኔ የመረጥኩት አንደኛ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ ነጠላ ከጀርባው የተከፈተ ጨለማ በር፣ ሁለተኛ እማዬ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ፊቷ ጸሐይ ግማሹ ጥላ፣ ሦስተኛ ከፊት ለፊታችን ያለው በባህር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ያላለቀ ፎቅ ከነሰማዩ። እንደዚ የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም፣ የኛ አገር የፎቶ ፈተና ይሄው ነው፣ ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት እና ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚያቃጥል ጸሐይ አንድ ፍሬም ውስጥ።

ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ 400 ፊልም ኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) በ1/500 ሰከንድ ነው የሚጠይቀው፣ እኔ የያዝኩት ዜኒት-ኢ ካሜራ ደግሞ ከ1/500 በላይ የሸተር ፍጥነት የለውም፣ ሌንሱም ከ16 በላይ አይዘጋም፣ ስለዚ ከዛ በታች ለመቀነስ ቦታ አይኖራችሁም። ወደ ማታ ብርሃኑ ሲወርድ ኤፍ 8 በ1/500 አካባቢ ይደርሳል፣ ያኔ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ይቻላል። ጥድፊያ አለው ግን፣ እዚ ጸሐይዋ ከጀመረች ቶሎ ነው የምትጠልቀው፣ ስለዚ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ ቀድማችሁ ተዘጋጁ፣ ካልደረሰላችሁም ሁለተኛውን ፊልም በማግስቱ በዛችው ሰዓት አንሱ፣ ሰማዩ አንድ ዓይነት ከሆነ።

ብርሃን የሚለካው ከሌላችሁ የስልክ አፕ ይበቃል። ከፊት ላይ አትለኩ፣ ከነጠላውም አትለኩ። ሜትሩ ነጩንም ጥቁሩንም ግራጫ ማድረግ ነው የሚፈልገው፣ ነጠላ ላይ ከለካችሁ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጠይም ፊት ላይ ከለካችሁ ነጠላው ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። መዳፋችሁን እዛው ብርሃን ላይ ዘርጉና ከሱ ለኩ፣ ከዛ አንድ ስቶፕ ክፈቱ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይ በግማሽ መቀነስ ነው)። የሰው ሁሉ መዳፍ ከግራጫው አንድ ስቶፕ አካባቢ ይነጣል፣ ቆዳው ጠቆረም ቀላም እምብዛም አይለያይም፣ ለዛ ነው መዳፍ ከግራጫ ካርድ ጋር የሚወዳደረው።

ከዛ ለእያንዳንዱ ነገር አምስት ፍሬም፦ ሁለት ስቶፕ ቀንሳችሁ፣ አንድ ቀንሳችሁ፣ ልክ በልኩ፣ ሁለት ጨምራችሁ፣ ሦስት ጨምራችሁ። ልኩ ኤፍ 8 በ1/500 ከሆነ የመጀመሪያው ኤፍ 16 በ1/500 ነው፣ የመጨረሻው ኤፍ 8 በ1/60። ለሦስቱ ነገር 15 ፍሬም ሆነ። ቀጥሎ ሌንሱን በክዳን ሸፍናችሁ አምስት ባዶ ፍሬም ተኩሱ፣ ከዛ ያንኑ 15ቱን ድገሙት። በድምሩ 35። ለምን ሁለት ጊዜ? ፊልሙን ከመሃል ቆርጠን ግማሹን ልክ በልኩ፣ ግማሹን ሆን ብለን በስህተት እናጥበዋለን፣ የድሮው ይቅር ይላል የሚባለው እውነት መሆኑ የሚታየው እዛ ላይ ነው። ሁሉን ደብተር ላይ ጻፉ፣ በኋላ አስታውሰዋለሁ ያለ ማንም አላስታወሰም።

አስተጣጠቡ

እዚ ላይ ቀስ በሉ፣ ሁለቱ ፊልሞች በእውነት የሚለያዩት ካሜራው ውስጥ ሳይሆን ታንኩ ውስጥ ነው።

አይዲ-11ን ሞቅ ባለ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ በጥብጡትና ይቀዝቅዝ። ስትጠቀሙ አንድ እጅ ዴቨሎፐር በአንድ እጅ ውሃ አቅጥኑት፣ አንዴ ተጠቅማችሁ ድፉት። ለአንድ ታንክ 300 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ማለትም 150 ዴቨሎፐር 150 ውሃ። ሳይቀጥን ብትጠቀሙት ሰዓቱ ያጥራል፣ ሰዓት ሲያጥር ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ስህተት ትልቅ ስህተት ይሆናል፣ በዛ ላይ በድጋሚ የዋለ ዴቨሎፐር ፈተናውን ያበላሻል።

አሁን ፊልሙ። ምላሱን፣ ካሜራ ውስጥ ስታስገቡ የምትጎትቱትን ጫፍ፣ 10 ሳንቲ ያህል ቁረጡና አስቀምጡት፣ ይፈለጋል። ቀሪውን በጨለማ አውጡትና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ሳትጨብጡት ለሁለት አጥፉት፣ መሃሉ ላይ ቁረጡ። ባዶዎቹ አምስት ፍሬሞች እዛ አካባቢ ስለሚወድቁ ፎቶ አትቆርጡም። አንዱን ግማሽ ሪል ላይ፣ ሌላውን ፕላስቲክ ቆርቆሮው ውስጥ መልሱ፣ ክዳኑ ላይ ፕላስተር አድርጋችሁ የቱ እንደሆነ ጻፉበት።

ሰዓቱ በ20 ዲግሪ እንዲህ ነው። ኤችፒ5 ፕላስ ልኩ 13 ደቂቃ፣ ዴልታ 400 ልኩ 14 ደቂቃ። በስህተት ለሚታጠበው ግማሽ 20 ፐርሰንት ጨምሩ፣ ለኤችፒ5 15 ደቂቃ ተኩል ይሆናል፣ ለዴልታ 17 ደቂቃ። አራት ጊዜ ማጠብ ነው፣ አንድ ማታ ይፈጃል። መገላበጡ፦ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ውስጥ አራቴ ገልብጡ፣ ከዛ በየደቂቃው መጀመሪያ ላይ አራት አራቴ። ለአራቱም አንድ ዓይነት ይሁን፣ አንዱን ረጋ ብላችሁ ሌላውን እንደ ቅቤ ከናጣችሁት ውጤቱ የእጃችሁ ነው የሚሆነው።

ሙቀቱ ላይ ልቆይ። የኛ ውሃ ከሮቶ ነው የሚወርደው፣ ሮቶው ደግሞ ጣሪያ ላይ ጸሐይ ላይ ነው፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ ብትቀዱት ከ24 ዲግሪ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ ከ17 በታች። በግምት አንድ ዲግሪ ሲጨምር ሰዓቱ ወደ 10 ፐርሰንት ያጥራል፣ እና አራት ዲግሪ ሳታዩት ካመለጣችሁ በጣም ብዙ በትርፍ አጠባችሁት ማለት ነው። ኤችፒ5 ላይ ለዓመታት ቴርሞሜትር ሳልገዛ በእጄ እየነካሁ ሳጥብ ነበር፣ ፎቶው ይወጣ ነበር፣ ትንሽ ይጠነክራል ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ይወጣ ነበር። በዛው ልማድ የመጀመሪያ ዴልታዬን አጠብኩት፣ የአንድ ጓደኛዬ የሽምግልና ቀን ነበር ፊልሙ ላይ ያለው፣ የአባቶቹ ነጭ ጋቢ በሙሉ ኔጋቲቩ (ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበት የታጠበው ፊልም) ላይ እንደ ድንጋይ ጠቁሮ ዝርዝሩ ጠፋ። ቀኑን መመለስ አይቻልም። ቴርሞሜትር የገዛሁት ከዛ በኋላ ነው። አሁን ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ በፈላ ወይም በቀዘቀዘ ውሃ 20 አደርሰዋለሁ፣ ኬሚካሎቹንም ታንኩንም እሱ ውስጥ አቆያለሁ፣ ሳፋው ትልቅ ስለሆነ እስክጨርስ አይለወጥም።

ዴቨሎፐሩን ስትደፉ አቼቶውን አስገቡ፣ 30 ሰከንድ ገልብጡ፣ ድፉ።

ፊክሰሩ ላይ ሁለቱ እንደገና ይለያያሉ፣ ብዙ ሰውም የሚያበላሸው እዚ ነው። ጠፍጣፋዎቹ ክሪስታሎች ከፊልሙ ላይ ለመውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ፊክሰሩንም ቶሎ ያደክሙታል። በወረቀት ላይ ካለ ሰዓት ይልቅ ያቺን ያስቀመጣችኋትን ምላስ ተጠቀሙባት፦ ፊክሰር ብርጭቆ ውስጥ ጣሏት፣ በብርሃን፣ እና ከወተትማ መልክ ወደ ጥርት ያለ እስክትለወጥ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ለድሮው ፊልም የዛን ሁለት እጥፍ፣ ለአዲሱ ሦስት እጥፍ አቆዩ። ለምሳሌ 50 ሰከንድ ከፈጀ ኤችፒ5 ከ1 ደቂቃ ከ40 ትንሽ አለፍ፣ ዴልታ ደግሞ 2 ደቂቃ ተኩል። ለጥንቃቄ እኔ ሁለቱንም ቢያንስ 3 ደቂቃ አደርሳቸዋለሁ፣ ለዴልታና ለቲ-ማክስ 5። ፊክሰሩ አዲስ ሳለ የቆጠራችሁትን ጻፉት፣ ሰዓቱ የዛን እጥፍ የፈጀ ቀን ፊክሰሩ አልቆለታል።

ፊልሙ ከወጣ በኋላ ወደ ሮዝ ወይ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም ካለው አትደንግጡ፣ በተለይ ቲ-ማክስ ላይ የተለመደ ነው። ፋብሪካው ፊልሙ ቀለማትን ሁሉ እንዲያይ የጨመረበት ቀለም ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ታጥቦ ያልወጣ። ደንበኛ ሮዝ ከሆነ ፊክሰሩ ደክሟል ወይ ሰዓቱ አንሷል ማለት ነው፣ በአዲስ ፊክሰር ድገሙትና በደንብ እጠቡት። ቀለል ያለ ጥላ ብቻ ከሆነ ምስሉን አይጎዳም።

ማለቅለቁ ላይ ውሃ ለሌለን ሰዎች ደስ የሚል ዘዴ አለ፣ ራሱ ኢልፎርድ የሚመክረው ነው። ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማፍሰስ አያስፈልግም። ታንኩን በዛው ሙቀት ውሃ ሙሉት፣ አምስት ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ። ሙሉት፣ አስር ጊዜ፣ ድፉ። ሙሉት፣ ሃያ ጊዜ፣ ድፉ። በቃ፣ አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ ነው። መጨረሻ ላይ በባትሪው ውሃ አንዴ አለቅልቁት፣ የጉድጓድ ውሃ ስንጠቀም ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ከዛ በኋላ አይኖርም። ለማድረቅ ሻወር ቤት ውስጥ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉት፣ ከታችም አንድ መቆንጠጫ እንዳይጠቀለል። ሰፈራችሁ እንደኛ ግንባታ ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ እንፋሎቱ አቧራውን ያውርደው፣ በሩን ዝጉና እስኪነጋ አትክፈቱት።

ኔጋቲቩን ማንበብ

ሲደርቅ አራቱን ቁራጮች መስኮት ላይ ወይም ነጭ በሆነ የስልክ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ኔጋቲቭ ላይ ነጠላው ጥቁር ነው፣ በሩ ገላጣ ነው። መጀመሪያ ልክ በልኩ የታጠቡትን ልክ በልኩ የተነሳውን ፍሬም እዩ። እዚ ሁለቱም ቆንጆ ናቸው፣ ልዩነቱን ለማየት ማጉያ መነጽር ወይም የካሜራችሁን ሌንስ ገልብጣችሁ መጠቀም አለባችሁ። ያላለቀው ፎቅ ላይ ያለው ሰማይ፣ ባዶ ግራጫ ስለሆነ፣ ግሬን ከሁሉም በላይ የሚታይበት ቦታ ነው፤ የኤችፒ5 ሰማይ እህል እህል ይላል፣ የዴልታው ለስላሳ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ስቶፕ የተቀነሰውን። የበሩ ውስጥ በሁለቱም ባዶ ነው የሚሆነው፣ ፊልም ያላየውን ብርሃን ማንም አያመጣውም፣ በዚ አንዱ ከሌላው አይሻልም ለማለት ይቻላል። ከዛ ሦስት የተጨመረውን፣ በተለይ 20 ፐርሰንት በትርፍ የታጠበው ቁራጭ ላይ ያለውን። የነጠላውን ጥለት ፈልጉ። እኔ ጋ ኤችፒ5 ላይ ጥለቱ ወፍሮም ቢሆን ይለያል፣ ዴልታው ላይ ግን ስካን ስታደርጉት ወደ አንድ ነጭ ይጠጋል። የእማዬ ፊት ላይ ደግሞ የሚገርመው ተቃራኒው ነው፣ ልክ በልኩ ሲነሳና ሲታጠብ በዴልታ የግንባሯ መስመርና የጉንጯ ብርሃን አንድ በአንድ ተለይቶ ነው የሚታየው፣ ኤችፒ5 ላይ ፊቱ ሙሉ ነው ግን ያ ጥራት የለውም። ሁለቱንም አሳየኋት፣ ኤችፒ5ቱን መረጠች፣ "ይሄኛው ላይ አላረጀሁም" ብላ። ግሬን ቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ ከዚ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ለየትኛው ሥራ የቱን

ካሜራችሁ ሜትሩ የሞተ የድሮ ዕቃ ከሆነ፣ ብርሃን በዓይን የምትገምቱ ከሆነ፣ ገበያ መሃል፣ ታክሲ ተራ፣ ሠርግ ድንኳን፣ ብርሃኑ በየደቂቃው የሚቀያየርበት ቦታ ከሆነ የድሮውን ያዙ። ስትጀምሩም ከዛ ጀምሩ፣ ቢያንስ አምስት ስድስት ጥቅል እስክታጥቡ። ኤችፒ5 ሲመሽ ሜትሩን 1600 ላይ አድርጋችሁ ማንሳትም ይቻላል፣ ያኔ አይዲ-11ን ሳታቀጥኑ 14 ደቂቃ ነው፣ ጥላው ይጠቁራል ግን ፊትና እጅ ይወጣል፣ ድንኳን ውስጥ ለሚነሳ በቂ ነው። ዴልታ 3200 ለዚ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ትክክለኛ ፍጥነቱ ግን 1000 አካባቢ ስለሆነ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጭፍን አትመኑት።

ሕንጻ፣ መልክዓ ምድር፣ ትልቅ ተደርጎ የሚታተም ነገር ከሆነ፣ ትራይፖድና ጊዜ ካላችሁ፣ አዲሱን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ጉሙ ሳይነሳ በዴልታ 100 ወይ በቲ-ማክስ 100 ያነሳችሁት ነገር ከትልቅ ካሜራ የወጣ ይመስላል። እዚ ላይ አንድ ጥቅም አለው ቲ-ማክስ፦ ከሌሎቹ የኮዳክ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ይልቅ ሰማያዊን በትንሹ ስለሚቀንስ ሰማዩ ያለ ፊልተርም ትንሽ ጠቆር ይላል። ለሌሎቹ ቢጫ ፊልተር አድርጉ፣ አንድ ስቶፕ ገደማ ይወስዳል፣ እንጦጦ ላይ ያለ ፊልተር ደመናና ሰማይ አንድ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያያችሁ ለምን እንደምል ይገባችኋል።

በሌሊት ሸተሩን ከፍታችሁ ስታነሱ ግን "አዲስ ይሻላል" የሚለው አይሠራም፣ በየፊልሙ ነው። ብርሃን በጣም ሲያንስ ፊልም ይሰንፋል፣ ሜትሩ ካለው በላይ ማቆየት አለባችሁ። ሜትሩ 10 ሰከንድ ካለ ኤችፒ5 20 ሰከንድ፣ ዴልታ 100 18 ሰከንድ ይፈልጋል፣ ዴልታ 400 ግን 26 ሰከንድ፣ ማለትም አዲሱ ከድሮው ባሰ። ፎማፓን 100 80 ሰከንድ ይወስድባችኋል። አክሮስ ብቻ ነው እስከ 120 ሰከንድ ምንም ሳትጨምሩ የሚሠራው። የከተራ ማታ ታቦት ባደረበት ሜዳ ላይ ድንኳኑንና ሻማውን ማንሳት የምታስቡ ይሄን ቁጥር ካሜራችሁ ቦርሳ ውስጥ ጽፋችሁ አስቀምጡት።

ያልተነሳውን ፊልም ፍሪጅ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አቆዩት፣ መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አይጎዳውም፣ ግን ከማንሳታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት በፊት አውጡትና ሳትከፍቱት ይሙቅ፣ በቀዝቃዛው ከከፈታችሁት ጤዛ ይይዛል። ያለቀውን ፊክሰር ደግሞ ጓሮ ወይ ማሳ ዳር አትድፉት፣ ከፊልሞቻችሁ የወጣው ብር በሙሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው፣ የኛ ሰፈር ውሃ ግማሹ ከጉድጓድ ነው። እኔ ቢጫ ጄሪካን ውስጥ "የማይጠጣ" ብዬ ጽፌ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አጠራቅማለሁ።